ድንቄም ግንብ!

ሽፈራው ሰው ይንቃል። ይህንን ኦሃዮ፣ ዌስተርቪል ያሉት ጎረቤቶቹም፣ ቅዳሴ አብረውት የሚቆሙትም፣ ሠላሳ አራት ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ ሮማነወርቅም ያውቃሉ። ክፉ ሆኖ አይደለም። ቤት ለሚቀይር ሰው ትራኩን ያውሳል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ለቅሶ ቤት ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። ብቻ እዚህ ዓለም ላይ ካለው ነገር አብዛኛው ዓይኑ አይሞላም። አዲስ መኪና ቢያሳዩት «ቆርቆሮ!» ይላል። የልጅ ምርቃት ላይ ጠርተውት ንግግር ሲረዝም «ኤዲያ!» ብሎ ወንበሩን እየጎተተ ይወጣል።

ከሁሉ የሚንቀው ግን እንጀራውን የሚበላበትን ሥራ ነው። ከሱዳን በስደተኝነት ኮሎምበስ ከገባ ጀምሮ የሰው ግቢ ሳር ሲያጭድ ነው የኖረው። መጀመሪያ ተቀጥሮ፣ በኋላ በራሱ ስም፣ ዛሬ በሁለት ትራክና በአምስት ሠራተኛ። «ከብት ለማይበላው ሳር ውሃና መድኃኒት ይሰጡታል» ይላል። «ሲያድግላቸው ደግሞ ደንግጠው ‹ና ቁረጠው!› ብለው ይደውላሉ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው ያረጀሁት።»

ይሁን እንጂ ሥራው ላይ አንድ ስንዝር አይሳሳትም። መቀሱን በየዛፉ መሐል በአልኮል ይጠርጋል፤ ችግኝ ሲተክል ጉድጓዱን በእጁ እየለካ ነው። ስለዚህም ኒው አልባኒ ያሉት ትልልቅ ቤቶች ምላሱን ችለው አሥር አሥራ አምስት ዓመት ይዘውት ቆይተዋል።

ከእነሱ አንዷ ሚስስ ዊትመር ናት። ባለ ቀይ ጡብ ሰፊ ቤት አላት፤ ሽፈራውን «ሺፍ» ብላ ነው የምትጠራው። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሣሩን ሊያይላት ሲሄድ ስልኳን ይዛ በረንዳው ላይ ጠበቀችው። በዚያ ሰሞን ስኮትላንድ ሄዳ ግንቦችንና የግንብ አትክልት ቦታዎችን ጎብኝታ ተመልሳለች።

«ሺፍ፣ ከዚህ በረንዳ እስከ ነጩ አጥር ድረስ ልክ እንደዚህ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ» አለችና ፎቶውን አቀረበችለት።

ሽፈራው መነጽሩን አድርጎ አየ። ከኋላ ግራጫ ግንብ ቆሟል። ከፊት ለፊቱ አትክልቱ በአራት ተከፍሎ፣ በየክፍሉ ከጉልበት የማይበልጥ አረንጓዴ ቁጥቋጦ ምንጣፍ ላይ እንደተጠለፈ ጥልፍ ተጠማዝዞ ተከርክሟል።

«ቦክስውድ ነው» አለ። «ይሄ ተክል በሽታ አለበት። የኦሃዮ ሰመር ሙቀትና እርጥበት በሽታውን ያግዘዋል። እንዲህ ተጠጋግቶ ተተክሎ አንዱ ከታመመ ሁሉም ይሄዳል። ሌላ ነገር እንትከል፤ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ፣ የማይታመም አውቃለሁ።»

ሚስስ ዊትመር በትዕግሥት ፈገግ አለች። «ሺፍ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ግንብ ምን እንደሆነ በዓይንህ አይተህ ስለማታውቅ ነው።»

ሽፈራው ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። የእናቱ ጓሮ በር ሲከፈት የሚታየው የነገሥታቱ ግንብ አጥር ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው የክረምት ሥራ ብሎ የተቀጠረውም እዚያው ነው፤ በማጭድ የግንቡን ግቢ ሣር ያጭድ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ የበቀለውን ሾላ በሥሩ ይነቅል ነበር። ይህንን ሁሉ ሊነግራት አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ለማን ብሎ!

«እኔ አልተክለውም» ብሎ ባርኔጣውን ደፍቶ ወጣ።

ማታ እራት ላይ ግን አልቻለም። ለሮማነወርቅና ለልጃቸው ለህብረት ሴትዮዋን እያስመሰለ ሁለት ጊዜ ነገራቸው። ህብረት ፋርማሲስት ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ አማርኛ ብትሰማም የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው።

«ዳድ፣ ሃቭ ዩ አክቹሊ ሲን ዋን? ኢን ስኮትላንድ?» አለችው፤ የስኮትላንድ ግንብ በዓይንህ አይተህ ታውቃለህ ወይ ማለቷ ነው።

«ምን ላደርግ ነው የማየው? ግንብ ግንብ ነው!»

ህብረት ማንኪያዋን አስቀመጠችና ነገሩ እንዳያመልጠው በአማርኛ ሞከረች። «ሳታይ ከምትሳደብ… አይተህ ተሳደብ።»

ሮማነወርቅ እስኪያንቃት ሳቀች። በሳምንቱ ህብረት ለሁለቱ የስምንት ቀን የስኮትላንድ ግንቦች ጉብኝት ቡክ አድርጋ፣ ወረቀቱን አትማ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ሽፈራው አልሄድም ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን የዝናብ ጃኬት ገዝቶ መጣ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ኤድንብራ ገቡ። አውቶቡሱ ውስጥ አርባ ሰው ነበር፤ አብዛኛው ጡረታ የወጣ አሜሪካዊና ካናዳዊ ነው። አስጎብኚው በቀይና አረንጓዴ መስመር የተሠራ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጉልበቱ ለብርድ የተጋለጠ ጎልማሳ ሲሆን፣ ገና ከመነሳታቸው ማይክ ይዞ ይዘፍን ጀመር።

«ሽርጥ ታጥቆ!» አለ ሽፈራው ለሚስቱ ጆሮ። «አፋር፣ ሎጊያ ላይ ቢያገኙት ግመል ይሸጡለት ነበር።»

«ዝም በልና በመስኮት እይ» አለችው።

የመጀመሪያው ግንብ ዳገት ላይ ነበር፤ ዝናብ እየደበደባቸው አንድ ሰዓት ተሰለፉ። ሽፈራው ድንጋዩን በጣቱ ኳኳና «ደህና ነው» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ድንጋዩ ጥሩ ቃል አልወጣውም። በሁለተኛው ግንብ ግድግዳው ሁሉ በአጋዘን ራስ ተሞልቷል፤ ቀንድና የመስታወት ዓይን ብቻ። «የበሉትን እየቆጠሩ ነው የሚሰቅሉት?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው የቀለደ መስሎት ሳቀ። በሦስተኛው ግንብ አንድ ሰውዬ ለአንድ ሌሊት ተኝቶበት ነበር የተባለ አልጋ በገመድ ታጥሮ ታየ፤ ሰዉ ሁሉ በጫማው ጫፍ እየረገጠ በአክብሮት አለፈ። ሽፈራው ፍራሹን አይቶ «እዚህ ጉድጓድ ላይ ተኝቶ ነው እንዴ የታወቀው?» አለ።

ከሁሉ የገረመው የመንፈሱ ወሬ ነው። በየግንቡ አንዲት ሴት ሞታ ትዞራለች። አንዱ ጋ አረንጓዴ ለብሳ፣ ሌላው ጋ ግራጫ፣ ሦስተኛው ጋ ጭንቅላቷን ይዛ። ጎብኚው በየጊዜው «ኦ!» ይላል።

«የእኛዎቹ ሲሞቱ ሞቱ» አለ ሽፈራው። «እነዚህ ቲኬት እየሸጡ አላሳርፍ አሏቸው እንጂ፣ ምስኪኖች።»

ሮማነወርቅ ግን ደስ ብሏታል። በነርስ ረዳትነት ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አልጋ ስታነሳ የኖረች ሴት ናት፤ አንድ ሰው ቁርሷን አምጥቶ ሲያቀርብላት ስምንት ቀን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በየጽጌረዳው ሥር ቆማ ፎቶ ታነሳለች፤ ዝናቡንም ፈገግ ብላ ትቀበለዋለች።

«ምነው አንዲት ነገር ደስ ብትልህ?» አለችው አንድ ጠዋት። «እኔ እኮ ካንተ ጋር ነው የመጣሁት።»

ሽፈራው ያን ቀን እስከ ምሳ ድረስ አንድም ነገር አልነቀፈም፤ ለእሱ ይህ ብዙ ነው።

በስድስተኛው ቀን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄደው የሚስስ ዊትመር ፎቶ ላይ የነበረው ግንብ ደረሱ። ሽፈራው ግራጫውን ግንብ ገና ከአውቶቡሱ ሲያየው አወቀው። ቲኬት ቆርጠው፣ የሥዕል አዳራሹን አልፈው፣ በኋላ በር ወደ አትክልቱ ደረጃ ላይ ወጡ። ያን ጊዜ አርባው ሰው ባንድነት ቆመ።

ከአራቱ የአትክልት ክፍሎች ሁለቱ የሉም። ጥልፉ ተነቅሎ ባዶ ጥቁር አፈር ነው፤ ዙሪያውን በገመድ ተከልሏል። ሦስተኛው ክፍል ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ረግፏል። ደህና የሚመስለው አንዱ ብቻ ነው።

«ፎቶ የምታነሱ በቀኝ በኩል ቁሙ፣ እዚያ ያምራል» አለ ባለ ሽርጡ ቶሎ ብሎ። ሰዉም በቀኝ በኩል ተጋፍቶ፣ የደረቀው እንዳይገባ ስልኩን እያጋደለ አነሳ፤ ከዚያ ወደ ሻይ ቤቱ ሄደ። አንዲት ካናዳዊት «ለዚህ ነው የከፈልነው?» ስትል ሽፈራው ሰማ።

ሽፈራው ግን ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ፈጠነ። ገመዱ ጋ ሲደርስ የእሱ እኩያ የምትሆን ሴት በጉልበቷ ተንበርክካ ከሞተው ተክል ሥር ቅጠል በእጇ እየለቀመች ከረጢት ውስጥ ስትከት አገኛት። ጎኗ ባልዲ አለ፤ መቀሷን ከባልዲው እያወጣች ነው የምትቆርጥበት።

«ግንዱ ላይ ጥቁር ሰረዝ አለው?» አላት።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችው። ቅርንጫፍ ቆርጣ አሳየችው፤ ጥቁር ሰረዝ አለው።

«ከታች ነው የጀመረው?»

«ከታች። አንተ አትክልተኛ ነህ?»

«ሳር አጫጅ ነኝ» አለ ሽፈራው። «ከኦሃዮ።»

«እንግዲያው ግባ። መጀመሪያ ግን እግርህን» አለችና መድኃኒት የተሞላ ዝርግ ሳህን አሳየችው። ጫማውን ነክሮ ገባ። በሽታው በጎብኚ ጫማ ይምጣ፣ በንፋስ ይምጣ፣ ማንም እንደማያውቅ ነገረችው። ሃያ ስድስት ዓመት የከረከመችውን ተክል በገዛ እጇ ስትነቅል ሁለተኛ ዓመቷ ነው። በምትኩ ሌላ ዓይነት ተክል ታስገባለች፤ ለዓይን እንዲሞላ ግን አሥር ዓመት ይፈልጋል።

«ባለቤቶቹስ ምን አሉ?» አላት።

«ጌታው አለቀሰ» አለች። ከዚያ አፏን ጠምዘዝ አድርጋ «ያለቀሰው እዚያ መስኮት ጋ ቆሞ ነው» ብላ በመቀሷ ሦስተኛውን ፎቅ አመለከተች።

ሽፈራው ሳቀ። ሮማነወርቅ ከሩቅ ሆና ሲስቅ አየችውና ፎቶ አነሳችው፤ ከስምንቱ ቀን ሲስቅ የታየበት ፎቶ ያ ብቻ ነው። አውቶቡሱ ክላክስ እስኪያሰማ ድረስ ከአትክልተኛዋ ጋር አብሮ ቅጠል ለቀመ። ሲለያዩ ስሟን እንኳን ሳይጠይቅ እጇን ጨበጠ። የሞተውን አትክልት በስልኩ አንስቶም ለሚስስ ዊትመር ላከላት። «ግንቡን በዓይኔ አየሁት» ከሚል በቀር ምንም አልጻፈም። መልስ አልመጣም።

መልሱን ያየው ኮሎምበስ ሲመለስ ነው። አራት መቶ ቦክስውድ ከበረንዳው እስከ ነጩ አጥር ተተክሏል። የተከለውም ጁነዲን ነው።

ጁነዲን የደሴ ልጅ ነው። በዲቪ መጥቶ መጀመሪያ ኒው አልባኒ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭን ከርሞ፣ ከዚያ ሽፈራው ጋ አራት ዓመት ሠራ። መቀስ አያያዝ ያስተማረው ሽፈራው ነው። ካቻምና የራሱን ትራክ ገዝቶ ሲወጣ አንድ ካርቶን ተምር ይዞ መጥቶ «ጋሼ፣ ይመርቁኝ» ቢለው፣ ሽፈራው «ሂድ» ከማለት በቀር አልተናገረውም። አሁን ደግሞ ሥራዬን ከእጄ ነጥቆ ሮጠ ብሎ ከሰው ቁጥር አወጣው። ቤተ ዘመድ መሐል ስሙ ሲነሳ «ያ ቆፋሪ» ነው የሚለው።

ዓመት አለፈ። በዚህ ዓመት ሐምሌ ላይ ሚስስ ዊትመር ኮል አደረገችና «ሺፍ፣ ቶሎ ና» አለችው። ሲደርስ አትክልቱ ቡናማ ነው። እሷ በረንዳው ላይ ወረቀት ይዛ ቆማለች።

«ጁን የታመመ ችግኝ አምጥቶ ገደለብኝ» አለች። ጁነዲንን ነው። «ሎየሬ የክስ ደብዳቤ ልኮለታል። አንተ ኤክስፐርት ነህ፣ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ጽፈህ ፈርምልኝ። ከዚያ ግቢው በሙሉ ያንተ ነው፤ እንደፈለግህ ሥራው።»

አምና ምንም የማያውቅ ነበር፣ ዘንድሮ ኤክስፐርት ሆነ! ሽፈራው ወረቀቷን አልተቀበለም። «መጀመሪያ ልየው» አለና ወረደ።

እውነቱን ለመናገር፣ የወረደው የጁነዲንን ጥፋት ለማግኘት ነው። ማግኘትም ፈልጎ ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ ከአንዱ ተክል ሥር አፈሩን ገለጠ፤ በጥልቀት ቀብሮት ይሆናል ብሎ። አልቀበረውም፣ ልክ ነው። ወደ ሌላው ሄደ። ርቀቱን በስንዝሩ ለካ። መስመሩን በዓይኑ አየ፤ በሲባጎ የተወጠረ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሥሩ ላይ የተነሰነሰው የእንጨት ፍቅፋቂ ግንዱን እንዳይነካ ጣት ያህል ተርቆለታል፤ ይህንን ነገር ኮሎምበስ ውስጥ የሚያደርግ ሌላ ሰው አያውቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ በጸሐይ ከተክል ተክል ተንፏቀቀ። ስህተት አጣ። ስህተት በማጣቱም ተናደደ።

ከዚያ ጉልበቱ እንደራሰ ልብ አለ። ቀና ሲል በየማዕዘኑ ውሃ የሚረጩ ቧንቧዎች አየ።

«ውሃውን ከላይ ነው የሚረጩት?» አላት።

«አዎ፣ ኦቶማቲክ ነው። ጠዋትና ማታ።»

«ማን አስገጠመው?»

«እኔ ነኝ። ጁን ከሥሩ ብቻ አጠጪ ብሎኝ ነበር፤ ግን ግንቡ ጋ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር።»

«ችግኙንስ ማን መረጠው?»

«የችግኝ ነርሰሪውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ያመጣው ግን እሱ ነው!»

ሽፈራው ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላያትም። ዓይኑ ላይ የነበረው ንቀት እንኳን ደክሞ ነበር። «እጽፍልሻለሁ» ብሎ ወጣ።

ማታ ህብረትን ጠርቶ እሱ በአማርኛ እየተናገረ እሷ በእንግሊዝኛ ጻፈች። ወረቀቱ አጭር ነው። ተክሉ በሽታ እንዳለበት አምና ለሚስስ ዊትመር ተነግሯታል፤ ችግኙን ራሷ መርጣለች፣ ውሃውን ራሷ ከላይ ረጭታለች፤ የጁነዲን አተካከል እንከን የለውም፤ ይላል።

«‹እንከን የለውም›?» አለች ህብረት ጣቷን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ። «ዳድ፣ ዩ ኔቨር ሴይ ዛት።» እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«ጻፊው ብዬሻለሁ!»

አንዱን ቅጂ ለሚስስ ዊትመር ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ሌላውን ይዞ ጁነዲን ወደሚኖርበት ወደ ሂልቶፕ ሰፈር ነዳ። በሩን የከፈተችለት ሚስቱ ፍርዶስ ናት። ሽፈራው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሊመለስ ነበር፤ እሷ ግን «ጋሼ፣ ሳይቀመጡማ አይሆንም!» ብላ ይዛ አስገባችው። ጁነዲን ሶፋው ላይ ነበር፤ ሲያየው ብድግ አለ። ፊቱ ገርጥቷል። የክሱ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«አንተ ደደብ ነህ» አለው ሽፈራው ቁጭ ሳይል። «ሴትዮዋ እብድ መሆኗን አታይም? ችግኝ በሌላ ሰው ምርጫ ይገዛል? እኔ እምቢ ያልኩትን ሥራ ምን ብለህ ትይዛለህ?»

ጁነዲን ዓይኑን አፈጠጠ። «ጋሼ፣ እርስዎ እምቢ አሉ እንዴ?»

«አልነገረችህም?»

«‹ሺፍ አርጅቷል፣ ጉልበቱ አላስቀምጥ አስነሳ ብሎታል፣ እኔ ራሴ አሳረፍኩት› ነው ያለችኝ። ልጠይቅዎት ደውዬ ነበር፤ አያነሱልኝም።»

ሽፈራው ስልኩ ላይ የጁነዲንን ቁጥር የዘጋው እሱ ራሱ መሆኑን አስታወሰ። ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ጉልበቴን ደግሞ ማን ነገራት!» ብሎ ወረቀቱን ወረወረለት።

ጁነዲን አነበበ። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ተመልሶ ደገማት። ከዚያ ወረቀቱን ለፍርዶስ አቀበለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ፍርዶስ ሻይና ሳምቡሳ አቀረበች፤ ሽፈራው አራት በላ፤ ጨው አንሶታል ብሎም ነገራት።

ክሱ በዚያው ቀረ። የሚስስ ዊትመር ሎየር ወረቀቱን ካየ በኋላ ሌላ ደብዳቤ አልጻፈም። ሽፈራው አሥራ አንድ ዓመት የያዘውን ግቢ ለቀቀ፤ ሮማነወርቅ «ተገላገልክ» አለችው፣ እሱም ተስማማ። ጁነዲን አሁን የታመመ ዛፍ ሲገጥመው ፎቶ ይልክለታል። ሽፈራው «ይሄንንም አታውቅ?» ብሎ ይሰድበውና ያስረዳዋል። ከባድ ሥራ ሲመጣም አንድ ላይ ይይዙታል፤ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ሠራተኞቹ ይስቃሉ።

መስከረም ላይ ኒው አልባኒ ሌላ ቤት የሞተ ቦክስውድ ሊነቅሉ ሲሄዱ በሚስስ ዊትመር ደጃፍ አለፉ። ጁነዲን ትራኩን ቀስ አደረገ። ጥልፉ እንደገና ቆሟል፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ አንድ ቅጠል ሳይጎድልበት። አንድ ሠራተኛ አቧራውን በውሃ ያጥባል።

«አቁም» አለ ሽፈራው።

ወርዶ እስከ አጥሩ ሄደ። እጁን በአጥሩ መሐል አሾልኮ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ ያዘ፤ አሸት አደረገው፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተው። ፕላስቲክ ነው። ቀስ ብሎ ተመልሶ ገባና በሩን ዘጋ።

«እንዴት ነው ጋሼ?»

«አይታመምም» አለ ሽፈራው።

ጁነዲን መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሽፈራው አልሳቀም። ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና «ንዳው እንግዲህ፣ ሰዎቹ እየጠበቁን ነው» አለው።